የቆዩ መስኮቶች፦ ቤት ከመሸጡ በፊት ይጠገኑ ወይስ ይለወጡ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በአዳማ ከተማ ወላጆቻቸው በ1970ዎቹ መጨረሻ ያሠሩትን የብሎኬት ቤት ከወንድሞቻቸው ጋር ተስማምተው ሊሸጡ ነው። ቤቱ ዘጠኝ መስኮቶች አሉት፤ ስድስቱ ባለመስታወት የብረት መስኮቶች፣ ሁለቱ በሰርቪስ ቤቱ ላይ ያሉ የእንጨት መስኮቶች፣ አንዱ ደግሞ በመያዣ ላይ በአግድም የተደረደሩ፣ አብረው የሚከፈቱና የሚዘጉ ጠባብ መስታወቶች ያሉት (ሉቨር የሚባለው) የመታጠቢያ ቤት መስኮት ነው፤ ከመስታወቶቹ ሁለቱ ወልቀዋል። ደላላው «በአሉሚኒየም ካልተለወጠ ዋጋ አያወጣም» ብሏቸዋል። ታላቅ ወንድማቸው በበኩላቸው ቀለም ብቻ ተቀብቶ ይሸጥ ይላሉ። «ማንን ልስማ?» ነው ጥያቄያቸው።

የላኩልኝን ፎቶግራፎች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። መልሴ ከደላላውም ከወንድምዎም ይለያል፤ የብረት መስኮቶቹን በሥርዓት ያስጠግኑ፣ ታችኛው ክፈፍ ተበልቶ ያለቀውን አንዱን ብቻ ይለውጡ፣ ለቀሩት የአሉሚኒየም የዋጋ ማቅረቢያ አሠርተው ገዥው ሲመጣ ያሳዩት። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ።

በመጀመሪያ ገዥው ማን እንደሆነ እናስብ። በአዳማ የቆየ ግቢ የሚገዙ ሰዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሚገዛው ቦታውን ነው፤ ቤቱን አፍርሶ ሌላ ለመሥራት ወይም ለንግድ ለማዋል ስለሚያስብ መስኮቱ ወርቅ ቢሆንለትም አንድ ብር አይጨምርም። ሁለተኛው ቤተሰቡን ይዞ ሊገባበት የሚፈልግ ሰው ነው። ይህ ሰው መስኮት ያያል፤ ሆኖም የሚያየው የመስኮቱን ዘመናዊነት ሳይሆን መከፈት መዘጋቱን፣ ከሥሩ ያለው ልስን በውሃ መበላሸት አለመበላሸቱን፣ ደፉ ላይ የተኛውን አቧራ ነው። ከገባ በኋላ ደግሞ የመስኮቱን ቀለምና የመስታወቱን ዓይነት በራሱ ምርጫ መለወጥ ይወዳል፤ እርስዎ በቸኮሉበት ሳምንት የመረጡት ሰማያዊ አንጸባራቂ መስታወት ላይጥመው ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ለውጥ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ለአንደኛው ገዥ ከንቱ ነው፤ ለሁለተኛውም ወጪውን የመመለሱ ነገር አጠራጣሪ ነው። ደላላው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ ያማረ ቤት ማሳየት ለእርሱ ሥራውን ያቀልለታል፣ ወጪው ደግሞ ከእርሱ ኪስ አይወጣም።

ታዲያ ቀለም ብቻ ለምን አይበቃም? አዳማ ስለሆነ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ነፋሱ አስተማማኝ ስለሆነ ነው፤ ያው ነፋስ የስምጥ ሸለቆውን ደቃቅ አቧራ ተሸክሞ በበጋ ወራት በማንኛውም ክፍተት ይገባል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በነፋስ ተገፍቶ ግድግዳ እየመታ ይወርዳል። የላላ ስቱኮ (መስታወቱን ከክፈፉ ጋር የሚያያይዘው ልጥፍ) እና የተጣመመ ክፈፍ ላይ ቀለም መቀባት ለሁለት ሳምንት ያሳምራል፤ ገዥው ግን ነፋስ በሚነፍስበት ከሰዓት በኋላ ቢመጣ መጋረጃው ከተዘጋ መስኮት ጀርባ ሲወዛወዝ ያያል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ቅናሽ የመስኮቱን ብቻ አይደለም፤ «ሌላስ ምን ተሸፍኖ ይሆን?» ብሎ ጣሪያውንም ቧንቧውንም መጠራጠር ይጀምራል።

አሁን ወደ መስኮቶቹ ልግባ። የእርስዎ የብረት መስኮቶች በያጆች ኤልቲዜድ ከሚሉት፣ ሲቆረጥ የኤል፣ የቲና የዜድ ፊደላት ቅርጽ ከሚያሳየው የብረት ዓይነት የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ብረቶች ጠንካሮች ናቸው፤ ከላይኛው ክፈፍና ከጎኖቹ ተበልተው ሲያልቁ አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። የሚሞቱት ከታች ነው። የሳሎኑን ትልቁን መስኮት በቅርብ የሚያሳየውን ፎቶ ይመልከቱት፤ መስታወቱ ከታችኛው ብረት ጋር በሚገናኝበት መስመር ስቱኮው ተሰነጣጥቆ ከመስታወቱ ተላቋል። ዝናብ በመስታወቱ ላይ ወርዶ በዚያ ስንጥቅ ይገባና መውጫ አጥቶ ይቀመጣል። ውሃው ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ስቱኮውን ወደ ውጭ፣ መስታወቱን ወደ ላይ ይገፋል። በግራ በኩል ያለው መስታወት ከማዕዘኑ ተነሥቶ በሰያፍ የተሰነጠቀው ድንጋይ መቶት አይመስለኝም፤ ከሥሩ ያበጠው ዝገት ነው የገፋው። አዲስ መስታወት ብቻ ቢገባበት ያው ዝገት እርሱንም ይሰነጥቀዋል። ከዚሁ ጋር የቋሚውን ክፈፍ የታችኛውን ብረት ይመርምሩ፤ ብዙውን ጊዜ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ይኖሩታል፤ በየጊዜው የተደራረበ ቀለም ደፍኗቸው ይገኛሉ። በምስማር መክፈት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያተርፈው ግን ብዙ ነው።

እያንዳንዱን መስኮት ለመለየት ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት እርስዎ ራስዎ ሊያደርጓቸው የሚችሉ ፈተናዎች አሉ። ካቻቢቴ ይዘው የታችኛውን ብረት በጫፉ ጫን እያሉ ይውጉት፤ ቀለሙ ብቻ ተፈንቅሎ ከሥሩ ጠንካራ ብረት ካገኙ መስኮቱ ይጠገናል፣ ካቻቢቴው ከገባ ግን ያ ክፍል መቆረጥ አለበት። ቀጥለው አንድ ቁራጭ ወረቀት በመዝጊያውና በክፈፉ መካከል አድርገው ይዝጉት፤ ወረቀቱ ያለ ችግር ተስቦ የሚወጣበት ቦታ አቧራ የሚገባበት ቦታ ነው። ነፋስ ባለበት ሰዓት ዕጣን አጢሰው በጠርዞቹ ዙሪያ ቢያዞሩትም ጭሱ ወደ ውስጥ የሚገፋበትን ያሳይዎታል። የውሃውን ፈተና በመጨረሻ ያድርጉት፦ አንድ ሰው ከውስጥ ቆሞ ሌላው በውሃ ጎማ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያርከፍክፍ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያጥብ የቱ ጋ እንደገባ አይታወቅም።

ጥገናው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሠራ በደንብ ይወቁት፤ ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ሲዘለል ነው። መጀመሪያ መስታወቱ ይወጣል። «መስታወቱ ሳይወጣ እበይደዋለሁ» የሚል በያጅ ካጋጠመዎ አይቀበሉት፤ የብየዳና የግራይንደር ፍንጣሪ መስታወት ላይ እየተለጠፈ በምንም የማይለቅ ጥቃቅን ነጥብ ይተዋል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ሁሉም ይታያል። መስታወቱ ሲወጣ አሮጌው ስቱኮ ተፍቆ፣ ዝገቱ በብረት ብሩሽና በግራይንደር እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ይጸዳል፤ የተበላው ክፍል ተቆርጦ በተመሳሳይ ቅርጽና ውፍረት ባለው ብረት ይተካል። የተጸዳ ብረት በአንድ ሌሊት መልሶ ሊዝግ ስለሚችል አንቲረስቱ (የዝገት መከላከያው ቀለም) በዚያው ቀን መቀባት አለበት፤ ስቱኮ የሚያርፍበት ውስጠኛው ጎድጓዳ ቦታም ጭምር፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚሰስት ቀለም ቀቢ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ቀጥሎ መዝጊያው ከክፈፉ ጋር በትክክል እስኪገጥም ማጠፊያዎቹ ይስተካከላሉ፣ እጀታዎቹ ይፈተሻሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው መስታወቱ የሚመለሰው።

መስታወት ሲለካ ከክፈፉ በየጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል አንሶ ይቆረጥ፤ ብረት ከመስታወት ይልቅ በሙቀት ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር፣ ጥብቅ ሆኖ የገባ መስታወት ሲጨነቅ ይሰነጠቃል። ውፍረቱንም ያለ ምክንያት አይጨምሩ። ባለ 3 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 7.5 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን ባለ 5 ሚሊ ሜትሩ 12.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አርባ ዓመት ያገለገለ ማጠፊያ ያንን ልዩነት ተሸክሞ ሳይዘም አይቆይም። ነባሩ 3 ከሆነ ለትልልቆቹ ክፍት ቦታዎች 4 ሚሊ ሜትር በቂ ነው።

ስቱኮው ከተልባ ዘይትና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ከላዩ ቆዳ እስኪያበጅ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቶሎ ቀለም ከተቀባበት ይሸበሸባል፤ ጨርሶ ሳይቀባ ከቀረም ደርቆ ይፈረፈራል። የመጨረሻው ዘይት ቀለም ከስቱኮው አልፎ በመስታወቱ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲያርፍ ይዘዙ። ብዙ ቀለም ቀቢዎች ለንጽሕና ብለው ልክ በስቱኮው ጠርዝ ላይ ያቆሙታል፣ ባለቤቱም ያመሰግናቸዋል፤ ይሁንና ውሃውን የሚዘጋው ያ የመስታወቱን ጫፍ የሚነካ ቀጭን መስመር ነው። ሥራውን ነፋስ በረገበበት ሰዓት ያድርጉት፤ ያልደረቀ ቀለም ላይ የአዳማ አቧራ ካረፈ መስኮቱ ብርጭቆ ወረቀት ይመስላል። ይህን ሁሉ ስንደምረው ለገዥ ከማሳየትዎ አንድ ወር ቀደም ብለው ቢጀምሩ ይመከራል።

ስለ አሮጌው ቀለም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ የሚገድበው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የእርስዎ መስኮቶች የመጀመሪያ ቀለም ከዚያ እጅግ የቀደመ ስለሆነ እርሳስ እንዳለበት ቆጥሮ መሥራት ይሻላል። በደረቁ አይፈቅ፤ ግራይንደር ከመነሣቱ በፊት ቀለሙ ውሃ እያረጠቡ ይፈቅ፤ ከሥሩ ላስቲክ ይነጠፍ፣ ፍርፋሪው ተሰብስቦ ይወገድ። ግቢው ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች ካሉ በእነዚያ ቀናት ዘመድ ጋ ቢቆዩ መልካም ነው፤ እርሳስ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነውና።

መለወጥ አለበት ያልኩት የኋለኛው መኝታ ቤት መስኮት ነው። በፎቶው እንደሚታየው የመዝጊያው ብቻ ሳይሆን የቋሚው ክፈፍ ታችኛ ብረት በሁለቱም ማዕዘን ተበልቶ አልቋል፤ ይህን መበየድ በጨርቅ ላይ ጨርቅ መጣፍ ነው። ነገር ግን አንድ መስኮት ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ካወቁ የስድስቱን ለውጥ ዋጋ በሌላ ዓይን ያዩታል። አሮጌው ክፈፍ በብረት እግሮች ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል። ሲነቀል በዙሪያው ያለው ልስን ይረግፋል፣ ብሎኬቱ ይሰበራል፣ ደፉም አብሮ ይነሣል። ከዚያ ግንበኛ፣ ልስን፣ የውስጥና የውጭ ቀለም ይከተላል፤ የአንዱ ግድግዳ ቀለም ሲታደስ ደግሞ የቀረው ያረጀ መስሎ ስለሚታይ ሙሉው ቤት ቀለም ይጠይቃል። የአሉሚኒየም ሠሪው የሚሰጥዎ ዋጋ ከዚህ አንዱንም አይጨምርም። የደላላው ሒሳብ የሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ገበያው ላይ በብዛት የሚሠራው የአሉሚኒየም መስኮት ተንሸራታች ነው። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ባለ ሁለት መዝጊያ ተንሸራታች ቢበዛ የሚከፈተው 75 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አሁን ያለዎት ወደ ውጭ የሚከፈተው የብረት መስኮት ግን ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ ማታ ማታ የቤቱን ሙቀት የሚያስወጣውን ክፍት ቦታ በግማሽ መቀነስ እንደ መሻሻል ሊቆጠር አይገባም። ተንሸራታቹ የሚሄድበት ጎድጓዳ መስመርም አቧራ ያጠራቅማል፤ ካልተጠረገ መንሸራተቻ ጎማዎቹ ቶሎ ይበላሉ።

ለዚያ ለአንዱ መስኮት አሉሚኒየም ከመረጡ የሚከፈት እንጂ የሚንሸራተት እንዳይሆን እመክራለሁ፤ የሌሎቹን አከፋፈልም ይመስላል። በብረት ማሠራትም ይችላሉ፤ እኔ ብሆን የመስኮቶቹን ገጽታ ላለመለያየት ብረቱን እመርጥ ነበር። አሉሚኒየም ካሠሩ የአሉሚኒየሙን ውፍረት በአፍ ሳይሆን ከሚቆረጠው ቁራጭ ላይ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለክተው ይቀበሉ። ማዕዘኖቹ ሲገፉ እንዳይንቀሳቀሱ፣ ከታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ እንዲኖረው ያረጋግጡ። ልስኑ እስኪያልቅ ድረስ ክፈፉ በፕላስተር ተሸፍኖ ይቆይ፤ እርጥብ ሲሚንቶ አሉሚኒየምን ስለሚያቃጥል የሚተወው ጠባሳ አይጠፋም። መክፈቻውን ለማስፋት ግን አያስቡ፤ የግድግዳውን ክፍት ቦታ ማስፋት ከላይ ያለውን የኮንክሪት ተሸካሚ ይነካል፣ ከከተማው አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ክፍልም ማስፈቀድ ይጠይቃል።

ከሳሎኑ መስኮት ቀኝ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ የሚሄደውን ስንጥቅ «በስቱኮ ይደፈን ወይ?» ብለዋል። የመስኮት ማዕዘን ግድግዳው የሚደክምበት ቦታ ስለሆነ እንዲህ ያለ ስንጥቅ በብዙ ቤቶች አለ። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረት አዳማ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ገዥዎች መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከመድፈንዎ በፊት በስንጥቁ ላይ ቀጭን የጂፕሰም ምልክት ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበትና ጥቂት ሳምንታት ይጠብቁ። ምልክቱ ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ የቆመ ነውና በወንፊት ሽቦ ተይዞ ይለሰን፤ ከተሰነጠቀ ግን ጉዳዩ የመስኮት ስላልሆነ መሐንዲስ ይጥሩ። በሁለቱም መንገድ ለገዥው ይንገሩት። ሻጭ እያወቀ የሸሸገው ጉድለት በኋላ ሲወጣ በሕግ ያስጠይቃል፤ «ባለበት ሁኔታ ሸጫለሁ» የሚል ሐረግ ውሉ ላይ መኖሩ እያወቀ የደበቀን ሰው ያድናል ብዬ አልመክርዎም።

የሰርቪስ ቤቱ ሁለት የእንጨት መስኮቶች ከቀለማቸውና ከሥራቸው ስመለከት ጥድ ይመስላሉ። ጥድ ከሆኑ ዕድለኛ ነዎት፤ ምስጥ አይደፍረውም። ዝግባ ወይም ባሕር ዛፍ ከሆኑ ግን ክፈፉ ግድግዳውን የሚነካበትን ጎን በካቻቢቴ ይፈትሹ፤ ምስጥ ከውጭ ሳይታይ ከጀርባ ነው የሚበላው፣ ሲያንኳኩትም ድምፁ ባዶ ይሆናል። የተበላ ከሌለ አናጢ መዝጊያዎቹን አስተካክሎ፣ የታችኛውን ጠርዝ ልጎ፣ ዘይት ቀለም ይቀባቸው። ከዚህ በላይ ወጪ በሰርቪስ ቤት ላይ አያስፈልግም።

የሌባ መከላከያ ፍርግርጎቹ ከውስጥ ስለሆኑ ለጥገናው እንቅፋት አይሆኑም፤ አንድ የመኝታ ቤት ፍርግርግ ግን ለእሳት አደጋ ጊዜ ከውስጥ በቁልፍ እንዲከፈት ቢያስደርጉ በጎ ነው። የወባ ትንኝ ወንፊቱ የተቀደደው ይቀየር፤ ርካሽ ነው፣ በአዳማ ደግሞ ልጆች ያሉት ገዥ ሳያየው አያልፍም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለቀሩት አምስት የብረት መስኮቶች ከሁለት አሉሚኒየም ሠሪዎች የዋጋ ማቅረቢያ በጽሑፍ ይውሰዱ፤ ልስኑንና ቀለሙንም ያካተተ ይሁን። ገዥ «መስኮቱን ሁሉ መለወጥ አለብኝ» ብሎ ከፍ ያለ ቅናሽ ሲጠይቅ ክርክሩ በግምት ሳይሆን በተጻፈ ዋጋ ላይ ይሆናል፤ ከፈለጉም የተወሰነውን ይቀንሱለታል፣ እርሱም የወደደውን ያሠራል። የጥገናውን ደረሰኞችና ሥራው ከመደበቁ በፊት የተነሡ ፎቶግራፎችን ያስቀምጡ፤ ከአዲስ ቀለም በታች ጤነኛ ብረት እንዳለ የሚያሳምነው ያ ነው። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲሆን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ስለሚያዝ፣ በዚያው ውል ላይ ይዘው የሚሄዱት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የመጋረጃ ዘንግ፣ ቢጠቀስ ከጭቅጭቅ ያድናል።

የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት በተመለከተ ሁለቱ የወለቁ መስታወቶች ብቻ ይተኩ። ከቀሩት አንዱን አውጥተው ለናሙና ወደ መስታወት ቤት ይውሰዱ፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ውፍረቱ ትክክል ካልሆነ መያዣው ላይ አይቀመጥም፤ ረጃጅም ጠርዞቹም እጅ እንዳይቆርጡ ተሞርደው ይሰጡዎ። የመያዣዎቹ ምላስ ከተሰበረ ግን መያዣው ከሁለቱም ጎን በጥንድ ይቀየር፤ በሲሊኮን የተለጠፈ መስታወት ክፍሉ በእንፋሎት ሲታፈን ሊከፈት አይችልም፣ ሻጋታውም ጣሪያው ላይ ይወጣል።